ልብ ወለድ ሲያናውጥ፦ የተነካው እምነት ነው፣ ልማድ ነው ወይስ ሕሊና?

ነገሩ የተጀመረው ኅዳር ላይ ነው። የደብረ ብርሃን ውርጭ ሣሩን ጨው የተነሰነሰበት አስመስሎ የሚያነጋበት፣ ተማሪው እጁን ከሹራቡ እጅጌ ሳያወጣ ጥያቄ የሚመልስበት ወቅት። አማርኛ የማስተምራት አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ሌሎቹ እስኪወጡ ጠብቃ «ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር» አለችኝ። የፈተና ነጥብ ልትለምን መስሎኝ ነበር። (ይህን የምጽፈው ፈቃዷን ጠይቄ ነው፤ ስሟንም ሰፈሯንም ትቻለሁ።)

እናቷ ከእሷ በፊት ሁለት ልጆች ሞተውባታል። ሦስተኛዋን ስታረግዝ ሸንኮራ ዮሐንስ ወርዳ ተሳለች፤ «ይህ ከቆየልኝ በየዓመቱ ይዤው እመጣለሁ፣ ላንተ ሲያገለግል ይኖራል» ብላ። ልጅቱ ቆየች። «የስእለት ልጅ» መባልን እንደ ሁለተኛ ስሟ ይዛው አደገች። ከዚያ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» አነበበች። ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ያነበበው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በዛብህ ወላጆቹ ተስለው ለእግዚአብሔር የሰጡት ልጅ ነው። ስእለቱ ማግባት ይከለክለዋል፤ እሱ ግን አፈቀረ።

«በዛብህን ማንም አልጠየቀውም» አለችኝ። «እኔንም አልጠየቁኝም። መጽሐፉን ከጨረስኩ ወዲህ ስጸልይ ቃሉ የእናቴ እንጂ የእኔ አይመስለኝም። ጾሙን እጾማለሁ፣ ለምን እንደምጾም ግን አላውቅም። ውሸታም ሆንኩ ማለት ነው?»

ያን ቀን የሚረባ መልስ አልሰጠኋትም። «ጥሩ ጥያቄ ነው» ብዬ አለፍኩ፤ መምህር መልስ ሲያጣ የሚላት ናት። ይህ ጽሑፍ ያን ቀን መመለስ የነበረብኝ ነው።

ከስሙ ልጀምር። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው መጽሐፍ ርእሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው፤ በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ተብሎ የሚቆጠረውም እሱ ነው። ልብ የወለደው ታሪክ ማለት ነው። በእኛ ቋንቋ ልብ የስሜት ማደሪያ ብቻ ሆኖ አያውቅም። «ልብ በል» ስንል አስተውል ማለታችን ነው፤ በሳል የሆነውን ሰው «ልብ ገዛ» እንለዋለን። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ደግሞ ከኦሪት በፊት የነበረውን ሕግ «ሕገ ልቡና» ይሉታል፤ ኖኅና አብርሃም ጽላት ሳይሰጣቸው የተመሩበትን። እንግዲህ ታሪኩ የሚወለድበትና ሕጉ የተጻፈበት ቦታ አንድ ነው። ልብ ወለድ ያነበበ ሰው ሕጉ ሲነካካበት ቢሰማው ምን ይገርማል?

ስብከት ስንሰማ፣ ክርክር ስንሰማ፣ ግማሹ አእምሯችን ዘብ ቆሞ ነው። «ይሄ ሰውዬ ወዴት ሊወስደኝ ነው?» እንላለን። ተረት ሲነገረን ግን የምንለው «እሺ፣ ከዚያስ?» ነው። ዘቡ ተኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 ሜላኒ ግሪንና ቲሞቲ ብሮክ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህንኑ የሚፈትሽ ጥናት አሳትመው ነበር። አንዲት ትንሽ ልጅ በገበያ ማእከል ውስጥ በአእምሮ ሕመምተኛ ስትገደል የሚያሳይ ታሪክ ለሰዎች አስነበቡ። በታሪኩ ውስጥ ጠልቀው የገቡት አንባቢዎች ከታሪኩ ጋር የሚሄድ አመለካከት ይዘው ወጡ። ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላው ውጤት ነው፤ «እውነተኛ ታሪክ ነው» ተብለው ያነበቡትና «ፈጠራ ነው» ተብለው ያነበቡት በዚህ ያን ያህል አልተለያዩም። ስለዚህ «ልብ ወለድ እኮ ነው፣ ምን ያስጨንቅሻል?» የሚለው የአዋቂዎች ማጽናኛ ብዙም አያጽናና። ፈጠራ መሆኑን ማወቅ ጋሻ አይሆንም።

በሌላ በኩል ልብ ወለድ ሰውን ደግ ያደርጋል ብሎ የሚምል ካጋጠማችሁ ቀስ በሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ በጣም የተወራለት ጥናት ጥቂት ገጽ ጥሩ ልብ ወለድ ማንበብ የሌላውን ሰው ስሜት የመረዳት ችሎታን ከፍ ያደርጋል ብሎ ነበር፤ ሌሎች ተመራማሪዎች ደግመው ሲሞክሩት ያንኑ ውጤት አላገኙም። ንባብ ያነቃንቃል። የተነቃነቀው ወዴት እንደሚሄድ ሌላ ጉዳይ ነው።

የታሪክን ጉልበት ከዩኒቨርሲቲዎቹ በፊት የሚያውቀው ነቢዩ ናታን ነበር። ዳዊት የኦርዮንን ሚስት ወስዶ ባሏን አስገድሏል። ናታን ገብቶ «ኃጢአት ሠርተሃል» ቢለው ንጉሥ ነውና መልስ አያጣም ነበር። ናታን ግን ልብ ወለድ ነገረው፤ ብዙ በጎች ያሉት ባለጸጋ አንዲት ጠቦት ብቻ የነበረችውን የድኃ ጠቦት አርዶ ለእንግዳው አቀረበ ብሎ። ዳዊት ተቆጣ፤ ይህን ያደረገ ሞት የሚገባው ነው ብሎ ፈረደ። ከዚያ ናታን «ያ ሰው አንተ ነህ» አለው። ዳዊት በራሱ ላይ የፈረደው ማን እንደሆነ ሳያውቅ ነው። እንግዲህ በልብ ወለድ ምክንያት ራስን መጠየቅ ከምዕራብ የመጣ በሽታ ነው ለሚል ሰው፣ ሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 12ን እንዲያነብ እጋብዘዋለሁ።

ወደ ልጅቱ ልመለስ። «እምነቴ ተናወጠ» የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ምኑ እንደተናወጠ ነው። የጭቃ ቤት ግድግዳ ሲሰነጠቅ አንዳንዴ የወደቀው ምርጊቱ ብቻ ነው፤ አንዳንዴ ማገሩ ተሰብሯል፤ አንዳንዴ ደግሞ ምስጥ ምሰሶውን በልቶታል። ከውጭ ሲታይ ሁሉም ስንጥቅ ነው። ምርጊት የወደቀበት ሰው ቤቱን ቢያፈርስ ሞኝ ነው፤ ምሰሶው የተበላበትም ጭቃ እየመረገ ቢኖር አንድ ሌሊት ይናድበታል።

በጣም የሚበዛው የምርጊት ስንጥቅ ነው፤ ማለትም ልማድ። ለዚህ ከሰሜን ሸዋ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፣ የመርሐ ቤቴ ልጅ፣ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያሳደጋቸው ሰው፣ በ1925 ዓ.ም. «አዲስ ዓለም» የሚል ልብ ወለድ አሳተሙ። ዋናው ገጸ ባሕርይ አወቀ የተጉለት ልጅ ነው። ፈረንሳይ አገር ተምሮ ይመለሳል፤ ሲመለስ ከዘመዶቹም ከካህናቱም ጋር ይጋጫል። ግጭቱ እግዚአብሔር አለ የለም በሚለው ላይ አይደለም። በአባቱ ተዝካር፣ በድግስ፣ በጋብቻ ወግ ላይ ነው። መጽሐፉ ከመጠናቀቁ በፊትም ካህናቱ ተሰብስበው መስተካከል ስላለበት ነገር ይመክራሉ። ኅሩይ አማኝ ነበሩ፤ ልብ ወለዱን የጻፉትም ምርጊቱ የት የት እንደረገፈ ለማሳየት ነው።

ከተማሪዎቼ መካከል አወቀን አንብቦ «ክርስትና ውሸት ነው» ያለኝ የለም። «ለተዝካር በሬ የሸጠው አጎቴ ዘንድሮ ምን ሊያርስ ነው?» ያለኝ ግን አለ። ይህ የእምነት ጥርጣሬ ነው? እኔ አይመስለኝም። እንዲያውም ነፍስ ይማር ማለትንና ሰፈርን ማብላትን ለያይቶ ማየት ነው። ችግሩ፣ ቤተሰብ ሁለቱን ለያይቶ ስለማይሰማቸው ነው። ልጁ ስለ በሬው ይናገራል፤ አባት የሚሰማው ስለ አምላክ ነው። አብዛኛው የቤት ውስጥ ጸብ እዚህች ላይ ይነሣል፤ ቀድሞ «እኔ የምለው ስለ ድግሱ ነው» ብሎ ማስረዳት ብዙ ያድናል።

ምሰሶው፣ ማለትም እምነቱ ራሱ፣ ሲነካ ሌላ ነው።

እኔ ራሴ ሃያ ዓመቴ ላይ የሩሲያዊውን ደራሲ የዶስቶየቭስኪን የመጨረሻ ልብ ወለድ፣ እ.ኤ.አ. በ1880 የተጠናቀቀውን «የካራማዞቭ ወንድማማቾች»ን፣ ጀርባው በክር የተሰፋ የእንግሊዝኛ ትርጉም ከጓደኛዬ ተውሼ አነበብኩ። እዚያ ውስጥ ኢቫን የሚባለው ወንድም ለታናሹ ለአልዮሻ፣ ለገዳሙ ልጅ፣ አንድ ታሪክ ይነግረዋል። አንድ ጄኔራል የሚወደው ውሻ በትንሽ ልጅ ድንጋይ እግሩ ስለተመታ፣ ልጁን በእናቱ ፊት በአዳኝ ውሾች ያስቦጫጭቀዋል። ኢቫን እግዚአብሔር የለም አይልም። የሚለው ከዚህ ይከፋል፤ በመጨረሻ ሁሉም ቢታረቅ፣ እናቲቱም ገዳዩን ይቅር ብትለው እንኳ፣ የዚያ ልጅ እንባ ዋጋው ከሆነ የመግቢያ ቲኬቴን መልሻለሁ ነው የሚለው። ለሳምንታት እንቅልፍ ነሣኝ። ያነበብኩት ክርክር ቢሆን እከራከረው ነበር፤ ልጁን ግን አይቼዋለሁ።

ለዕረፍት መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ስገባ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ በርኖሳቸውን ደርበው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ጨረስኸው?» አሉኝ።

«ግማሹ ላይ ነኝ፣ አባ።»

«ጨርሰህ ና» አሉኝና ስለ ገብሱ አጨዳ ጠየቁኝ።

ተናድጄ ሄድኩ። ግን ጨረስኩት። ሲጨረስ የሚታየው ነገር አለ። ዶስቶየቭስኪ አማኝ ነበር። በራሱ እምነት ላይ የሚነሣውን ከሁሉ የበረታ ጥያቄ ለገጸ ባሕርይው በአፉ አስቀመጠለት፣ አላዳከመበትም። መልሱንም በክርክር አልሰጠም፤ የአንድ ሽማግሌ መነኩሴን ሕይወት ጽፎ አጠገቡ አኖረው። አንባቢው ሁለቱን ይዞ ይቅር ነው ያለው። ከዚህ የተረዳሁት ቀላል የሚመስል ግን ብዙ አንባቢ የሚስተው ነገር ነው፤ ገጸ ባሕርይው ያለው ሁሉ ደራሲው ያለው አይደለም፤ ደራሲው ያለውም እውነት ሆኖ ተረጋገጠ ማለት አይደለም።

ተመልሼ ሄድኩ። «ጨረስኩት፣ መልስ ግን የለውም» አልኳቸው። «በሰባ ሰባት እኔም ጠይቄው ነበር» አሉኝ። የረሃቡን ዘመን ነው። እንዲቀጥሉ ጠበቅሁ። አልቀጠሉም። ቆሎውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ።

ምሰሶው በተነካ ጊዜ እንግዲህ የመጀመሪያው እርዳታ ጥያቄውን አለማሳነስ ነው። ኢዮብ ጠይቋል። ዕንባቆም ጠይቋል። የታመመ ልጁን ይዞ የመጣው አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሏል፤ ልጁም ተፈውሶለታል። ወደ ቆላው ወርዳችሁ ሸዋሮቢትና ኤፍራታ ዙሪያ ያሉ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንን ብትጠይቁም ያው ነው። በቁርኣን ኢብራሂም ሙታንን እንዴት እንደምታስነሣ አሳየኝ ሲል «አላመንክምን?» ይባላል፤ «አምኛለሁ፣ ልቤ እንዲረጋ ነው» ይላል። የነቢዩ ባልደረቦችም ለመናገር የሚከብድ ሐሳብ በልባቸው እንደሚመጣ ሲያማርሩ፣ ያ መክበዱ ራሱ የጠራ እምነት ነው እንደተባሉ ሶሒሕ ሙስሊም በሚባለው የሐዲስ መጽሐፍ ተጽፏል።

ደግሞስ የትኛዋ ምድር ናት ይህቺ? ደብረ ብርሃንን የመሠረቱት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት፣ ከሥላሴ በቀር ለማንም አንሰግድም ያሉትን ደቂቀ እስጢፋኖስን ክፉኛ ቀጥተዋል። በዜና መዋዕላቸው እንደተጻፈው ለከተማዋ ስሟን የሰጣት ብርሃን በሰማይ የታየው እነዚያ መነኮሳት በድንጋይ ከተወገሩ በኋላ ነው። የመነኮሳቱን ገድል «ደቂቀ እስጢፋኖስ፦ በሕግ አምላክ» ብለው ወደ አማርኛ የመለሱልን ደግሞ የሸንኮራው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በኋላም ሸዋ ለረጅም ዘመን፣ ክርስቶስ ሦስት ልደት አለው የሚለው የሦስት ልደት ትምህርት ምሽግ ነበረች፤ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ትምህርቱ እስኪወገዝ ድረስ። አያት ቅድመ አያቶቻችን ሳይጠይቁ ያመኑ የሚመስለን እኛ ስላልጠየቅናቸው ነው።

(ስሙን ካነሣሁ አይቀር፦ «ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ» የሚባለው የፍልስፍና መጽሐፍ የንጉሡ አይደለም። መጽሐፉ ራሱን በ17ኛው መቶ ዘመን የኖረ የአክሱም ሰው አድርጎ ያቀርባል፤ ሃይማኖቶች እርስ በርስ ሲካሰሱ አይቶ በልቡናው የሚመረምር። አንዳንድ ምሁራን ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ የ19ኛው መቶ ዘመን ጣሊያናዊ ሚስዮናዊ የፈጠረው ነው ይላሉ፤ ሌሎች ይቃወማሉ። ፈጠራ ቢሆንስ? ያኔ ራሱ ልብ ወለድ ሆነ ማለት ነው። ጥያቄዎቹ ግን እንዳሉ ናቸው።)

ሦስተኛው መናወጥ፣ የማገሩ፣ የግል ሥነ ምግባር ነው። ብዙም ስለማይወራለት እዚህ ላይ ቆም ልበል።

አሜሪካዊው ደራሲ ማርክ ትዌይን እ.ኤ.አ. በ1884 ባሳተመው ልብ ወለድ ሀክ ፊን የሚባል ልጅ ጂም ከሚባል ከእመቤቱ ካመለጠ ባሪያ ጋር በታንኳ ይጓዛል። ሀክ ከልጅነቱ ሲማር ያደገው ባሪያን ማስመለጥ ስርቆት እንደሆነ፣ ሌባም ሲኦል እንደሚገባ ነው። ስለዚህ ሕሊናው ይወቅሰዋል፤ የሚወቅሰው ግን መልካም በማድረጉ ነው። ጂም ያለበትን የሚያጋልጥ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ከጻፈ በኋላ ይቀለዋል፣ መጸለይ የሚችል ይመስለዋል። ከዚያ ጂም በጉዞው ሁሉ እንዴት እንዳደረገለት ያስባል። በመጨረሻ እንግዲያው ሲኦል እገባለሁ ብሎ ደብዳቤውን ይቀደዋል።

አንባቢው ልጁ ልክ እንደሠራ ያውቃል። ልጁ ግን አያውቅም፤ ኃጢአት እንደሠራ ነው የሚያምነው። ይህ ቦታ ያስደነግጣል፤ ሕሊና ራሱ የተሳሳተ ትምህርት ሊማር እንደሚችል ያሳያልና። «ሕሊናዬ አይፈቅድም» የምንለው ስንቱን ነው ተምረነው፣ ስንቱስ ነው የእውነት የእኛ?

አሜሪካ ሩቅ ከመሰላችሁ ከአንኮበር ቁልቁል ተመልከቱ። በ19ኛው መቶ ዘመን በአልዩ አምባ አጠገብ፣ አብዱል ረሱል በሚባል ቦታ የባሪያ ገበያ ይቆም ነበር። በዚያ ያልፍ የነበረው ሰው ጾሙን የሚጾም፣ ስግደቱን የማያስታጉል፣ ሶላቱን የሚጠብቅ ነበር። ፍትሐ ነገሥቱ እንኳ ሰው ሁሉ በተፈጥሮው ነጻ እንደሆነ ይናገርና፣ ጦርነት ግን ሰውን ለሰው ባሪያ ያደርጋል ብሎ ይቀጥላል። አረፍተ ነገሩ ላይ ሕገ ልቡናና ልማድ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ልማዱ በሕግ የቀረው በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። እነዚያ ሰዎች ከእኛ የባሱ ክፉዎች አልነበሩም፤ እንዲወቅሳቸው ያልተማሩት ነገር ስላልወቀሳቸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ጥያቄ ይመጣል። የግሪኩ ፈላስፋ አፍላጦን (ፕላቶ) ሶቅራጥስን ያስጠየቀው ነው፤ በእኛ አነጋገር ብናስቀምጠው፣ መልካሙ ነገር መልካም የሆነው እግዚአብሔር ስላዘዘው ነው ወይስ ያዘዘው መልካም ስለሆነ? የመጀመሪያውን ካልን፣ ግፍ ቢያዝስ የሚል ይመጣል። ሁለተኛውን ካልን፣ መልካምነት ከትእዛዙ በፊት ነበረ ማለት ነው። ብዙ የሃይማኖት ሊቃውንት መልካምነት የእግዚአብሔር ባሕርይ ስለሆነ ሁለቱ አይነጣጠሉም ብለው ይመልሳሉ። እኔን የሚገርመኝ አብርሃም ነው። ሰዶም ልትጠፋ ስትል ቆሞ የምድር ሁሉ ፈራጅ ቅን ፍርድ አይፈርድምን ብሎ ጠየቀ። በአምላክ ፊት ቆሞ ለመከራከር የተጠቀመበት ሚዛን ከየት መጣ? ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 2 ላይ፣ ሕግ የሌላቸው አሕዛብ የሕግ ሥራ በልባቸው እንደተጻፈ ያሳያሉ ይላል። ከዚህ ተነሥቼ ለተማሪዬ ልነግራት የምችለው፣ እምነቷ ቢንገዳገድ እንኳ ነገ ጠዋት ተነሥታ የሰው ገንዘብ ልትሰርቅ እንደማትችል ነው። ወላጆች ከሁሉ የሚፈሩት ይህን ነው፤ «ካላመነ ምን ያግደዋል?» ይላሉ። የራሳቸው ትምህርት ግን ከጽላቱ በፊትም ሕግ እንደነበረ ይናገራል።

ለልብ ወለድም ግን ልክ ማበጀት ያስፈልጋል። ደራሲ ፈላጭ ቆራጭ ነው። የፈለገውን ቄስ ስግብግብ፣ የፈለገውን ከሐዲ ደግ ያደርጋል፤ ገጸ ባሕርይውን በፈለገው ቀን ይገድለዋል፤ በዚያው ሞት ያስለቅሰንና አንድ ነገር ያሳምነናል። አንድ መጥፎ ቄስ በልብ ወለድ ማየት መጥፎ ቄስ ሊኖር እንደሚችል ያሳያል፤ ስንት እንደሆኑ ግን አይናገርም። ስለዚህ ከንባብ በኋላ «ይህ መጽሐፍ ምን አሳየኝ?» የሚለውንና «ምን አረጋገጠልኝ?» የሚለውን ለይቶ መጠየቅ ይገባል። ለመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ብዙ መልስ አለ። ለሁለተኛው ብዙውን ጊዜ ምንም።

የአንድምታ ትርጓሜ ትምህርት ቤቶቻችን ለዚህ የሚሆን ልማድ ነበራቸው። የኔታ አንድን ቃል ይተረጉማሉ፤ ከዚያ «አንድም» ብለው ሌላ ይጨምራሉ፤ ደግሞ «አንድም»። የፊተኛው በኋለኛው አይሻርም። ዓለማዊ ልብ ወለድ በዚህ መንገድ ይነበብ ብል ሊቃውንቱ ይቆጡኝ ይሆናል፤ ቢሆንም አንዱን ንባብ የመጨረሻ አድርጎ ቤት ከማፍረስ ይሻላል።

አሁን ወደ «ውሸታም ሆንኩ?» ልግባ። ሰውን ለማታለል ወይም ለጥቅም ያላመኑትን ማስመሰል ውሸት ነው። ጥያቄው ገና በእጅ ሳለ ከእናት ጋር ከአንድ መሶብ ሽሮ መብላት ግን ሌላ ነገር ነው። በእኛ አገር ጾም የአንድ ሰው መግለጫ ብቻ አይደለም፤ የቤት ኑሮ ነው፤ ዓርብ ሥጋ የማይገዛው ሰፈሩ ሁሉ ነው። ለእናት ሲባል የሚጾም ጾም ለእናት የተደረገ ነገር ነው፤ ያ ደግሞ ከንቱ አይደለም። ቁርባን ከሆነ ግን ልዩ ነው። እዚያ ላይ ሥርዓቱ ራሱ ሳይዘጋጁና ሳይናዘዙ እንዳይቀርቡ ያዛል፤ ልብ ሳይከተል ለወግ ሲባል ባይደረግ ይሻላል፤ ሥርዓቱንም ማክበር ነው። ለማን ይነገር ቢባል፣ መጀመሪያ የማይደነግጥ ሰው ይፈለግ። እናት የመጀመሪያዋ ላትሆን ትችላለች። በእናቲቱ ጆሮ «ስእለቱ የእኔ አይደለም» ማለት «ባልቆይልሽ ይሻል ነበር» ሆኖ ሊሰማ ይችላልና።

የስእለቱን ነገር መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት ስለከበደኝ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ወላጅ ልጁን የተሳለባቸው ሁለት ታሪኮች ትዝ ይሉኛል። አንዱ የዮፍታሔ ነው፤ ከድል ስመለስ ከቤቴ ሊቀበለኝ የሚወጣውን አቀርባለሁ ብሎ ተሳለ፣ የወጣችው አንድያ ልጁ ሆነች። ሰው አንብቦት የማይጨነቅ ከሆነ አላነበበውም። ሌላው የሐና ነው። መካን ሳለች ተሳለች፣ ሳሙኤልን ወለደች፣ ጡት ሲተው ወስዳ ለካህኑ ለዔሊ ሰጠችው። እሱንም ማንም አልጠየቀውም።

ግን ታሪኩ እዚያ አያበቃም። ልጁ አድጎ ቤተ መቅደስ ውስጥ ተኝቶ ሳለ ሌሊት በስሙ ይጠራል። ተነሥቶ ወደ ዔሊ ይሮጣል። ዔሊ «አልጠራሁህም፣ ተመልሰህ ተኛ» ይለዋል። ደግሞ ይጠራል፣ ደግሞ ይሮጣል። ሦስት ጊዜ የአሳዳጊው ድምፅ መሰለው። በአራተኛው ብቻ «ባሪያህ ይሰማልና ተናገር» ብሎ ራሱ መለሰ። የሐና ስእለት ቤተ መቅደሱ ድረስ አድርሶታል፤ ያን መልስ ግን ሐና አልመለሰችለትም።

ይህን ለተማሪዬ የነገርኳት ጥር ላይ፣ ከአስተርእዮ በኋላ ነው። ብዙም አልተናገረችም። «ባይመልስስ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ማን?» አልኳት። «ሳሙኤል» አለች። «ዔሊ ነው ብሎ ተመልሶ ቢተኛስ?» ይህን አስቤው አላውቅም ነበር፤ አላሰብኩትም አልኳት።

መጽሐፉን ባለፈው ሳምንት መለሰችልኝ፤ የእኔ ቅጂ ነበር። በጋዜጣ ሸፍናዋለች። ስገልጠው የበዛብህ ወላጆች የሚሳሉበት ገጽ ላይ፣ በኅዳጉ፣ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አገኘሁ። መጽሐፍ ላይ መጻፍ ክልክል ነው ብዬ ሁልጊዜ ነው የምቆጣው። «አንድም፦» ይላል። ከሱ ቀጥሎ ያለው ባዶ ነው።